«ተኝቷል» በሚለው ቃል ላይ የተደረገ እርማት

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከዎርክሾፑ፣ ከመስኮቱ አጠገብ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፦

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? የበረሃው ነፋስ እንዳይጎዳዎ ጆሮዎን በጥጥ መሸፈንዎን እንዳልተዉ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ደብዳቤ ነገ ሐሙስ ወደ ካምፓችሁ በሚበረው የድርጅታችሁ አውሮፕላን ይደርስዎታል። እሑድ እንደሚደውሉ እያወቅሁ ለምን እንደምጽፍ መገረምዎ አይቀርም። የምጽፈው በስልክ ልነግርዎ አምስት ጊዜ ሞክሬ አምስቱንም ጊዜ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት እርማቶች አሉ። አንደኛውን ለምርምር ድጋፍ ፈንዱ አቅርቤዋለሁ፤ ሁለተኛው የእርስዎ ነው። ሁለተኛው ያለ አንደኛው በትክክል ስለማይገባ በቅደም ተከተል እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። የማንኛውንም ጽሑፍ የመጨረሻ ገጽ አስቀድመው የማንበብ ልማድ እንዳለብዎ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፦ ሁላችንም በሕይወት አለን። አሁን እባክዎ ገጹን አይዝለሉ።

ዎርክሾፑ እርስዎ እንደተዉት ነው። የጎማ መጋዘን በነበረበት ዘመን የገባበት ሽታ ዛሬም ከግድግዳው አልለቀቀም። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን የሰቀልናቸው ብርድ ልብሶች አቧራ ጠጥተው ከብደዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጠባቡ መስኮት ስትገባ፣ ነፋሱም ብርድ ልብሶቹን ቀስ አድርጎ ሲያወዛውዛቸው፣ ክፍሉ ከነዕቃው ውሃ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል። የጎረቤታችን ማተሚያ ቤት ሥራ ሲጀምር ወለሉ ይርገበገባል። ያን ጊዜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ስጨፍን፣ ከእግሬ በታች ሌላ ከተማ አለ፤ መንገዶቹ ቧንቧ የሆኑ፣ ነዋሪዎቹ ድምፅ ብቻ የሆኑ፣ ማንም ማንንም የማያስቸኩልበት ከተማ። አለቃዬ እንዲህ ስሆን ታውቅብኛለች። «ተመለሺ፣ ደሞዝ የሚከፈልሽ በላይኛው ከተማ ነው» ትለኛለች።

ሦስት ነን፤ አልጨመርንም፣ አልቀነስንም። አለቃዬ ያው የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ሰው ቤት አልቀጠርም ብላ ይህን ድርጅት ያቆመችው እልኸኛዋ ናት። ብየዳውንና ብረታ ብረቱን የሚሠራው ዝም ብሎ ስለማያውቅ «ጸጥታው» ያልነው ሰው ነው። እኔን ደግሞ እሱ «መዝገበ ቃላት» ብሎኛል፤ ስሙም ተጣብቆብኝ ቀርቷል። ከዚህ በታች እንደሚያነቡት፣ በዚህ ወር ስሙን ልመልስለት ብዬ ነበር።

እንደሚያስታውሱት መንግሥት እንደ እኛ ላሉ ትንንሽ ድርጅቶች ለአዲስ ቴክኖሎጂ ምርምር የሚሰጠው ድጋፍ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ሐሳቡ ሊሠራ እንደሚችል በማስረጃ ይታያል፤ በሁለተኛው ሐሳቡ ከጠረጴዛ ወደ ጎዳና ይወጣል። የእኛ ሐሳብ መሬት ሳይቆፈር የቧንቧን ድምፅ ሰምቶ ደህንነቱን የሚናገር መሣሪያ ነው። «ጆሮው» የምንለው ይህ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ብረት ከእርስዎ ጋር አራት ወር ሙሉ ጎሕ ሲቀድ በየመንገዱ ዞሯል። እርስዎ የእንጨት ዘንግዎን ቧንቧው ላይ ተክለው፣ ጆሮዎን ጫፉ ላይ ጥለው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይቆማሉ። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ከዚያ አንድ ቃል ይወጣል፦ «ይስቃል»፣ «ያንሾካሹካል»፣ «ያንጎራጉራል»። አለቃዬ ድምፁን ትቀዳለች፤ እኔ ቃሉን እጽፋለሁ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሆኜ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሥራ የለም ብዬ አስብ ነበር፤ አንድ ሰው ይሰማል፣ ሌላው የሰማውን በታማኝነት ይጽፋል።

እርስዎ የበረሃውን ቧንቧ ሊያዳምጡ ወደ ካምፑ ከሄዱ በዘጠነኛው ቀን አለቃዬ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል ጠራችኝ።

«መዝገበ ቃላት! ማሽኑ የሚያውቀው ሁለት ሳጥን ብቻ ነው፤ ‹ደህና› እና ‹የተጎዳ›። የአባትሽን ቃላት ከፋፍዪልኝ። ‹ይስቃል›?»

«የተጎዳ።»

«‹ያንሾካሹካል›?»

«የተጎዳ። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ግን የተጎዳ።»

«ትንሽ ትልቁን ተዪልኝ። ‹ያንጎራጉራል›?»

«ደህና።»

«‹ተኝቷል›?»

«ደህና» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ጸጥታው የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ምን ታደርቂያታለሽ? የተኛ ነገር ማንን ይጎዳል? እኔ ስተኛ አይታችሁኝ አታውቁም እንጂ ሕፃን ነው የምመስለው» አለ።

«አንተ ተኝተህም ታወራለህ፤ ሚስትህ ነግራኛለች» አለችው።

ሦስታችንም ሳቅን፤ እርስዎ «ተኝቷል» ያሏቸው ሠላሳ ሰባት ቦታዎችም በአንድ ቃል «ደህና» ሳጥን ውስጥ ገቡ። እሑድን ጠብቄ ልጠይቅዎ እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ የማላውቀው ነገር መሆኑን አላወቅሁማ። ልጅ ሳለሁ ከሥራ ጭቃ ለብሰው መጥተው ጋደም ሲሉ፣ እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ተኝቷል» ትለን ነበር። ያ ቃል ከተባለ ቤቱ ሞላ ማለት ነው፤ ሁሉም ሰው ገብቷል፣ የሚጠበቅ የለም ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ደህንነት አላውቅም። ይህን የምጽፈው ስህተቴን ለማቅለል አይደለም፤ ስህተት ከየት እንደሚመጣ በትክክል መመዝገብ ስላለበት ነው።

ሪፖርታችን ገባ። «ጆሮው» ከመቶ ዘጠና አራት ጊዜ ትክክል መሆኑን አሳየን። ገምጋሚዎቹ ወደዱት፤ የሁለተኛው ምዕራፍ ደብዳቤ ሊፈረም የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ያን ሰሞን የምራመደው መሬት ረግጬ አይመስለኝም።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ አውቶቡሶቹ ሳይጀምሩ፣ መሣሪያውን ለራሳችን ልንሞክረው ቁልቁለቱ መንገድ ላይ ካለው ፀጉር ቤት ፊት ለፊት አቆምነው። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣ በትከሻው ጣል አድርጎ ወጣ።

«እሺ እህቴ፣ ምን አለሽ እሱ ነገር?»

«ደህና ነው ይላል።»

«ደህና?» ፎጣውን አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ፀጉር የማጥበው በጀሪካን ውሃ ነው። ማነው ደህናው? ቧንቧው ነው፣ ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?»

«መሣሪያው ከመቶ ዘጠና አራት ጊዜ ትክክል ነው» አልኩት። አባባ፣ እንዲህ ብዬ መመለሴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«እንግዲያው ስድስቱ እኔ ነኛ!» አለ።

ከውስጥ፣ ጭንቅላቱ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ሳቁን ለቀቀው። ጸጥታው አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ አቆመ። ጸጥታው ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ጊዜ ደገምነው። ሦስቱንም ጊዜ «ደህና»። በመጨረሻ ትተውልኝ የሄዱትን ዘንግ አውጥቼ ጆሮዬን ጣልኩበት። ድምፅ የለም። ግን ባዶ ዝምታ አልነበረም። አንድ ሰው በር ጀርባ ቆሞ ትንፋሹን ሲይዝ የሚሰማ ዓይነት ዝምታ ነበር። ወደ ዎርክሾፑ የተመለስኩት በሩጫ ነው። አሮጌ ማስታወሻ ደብተሮችዎን አወረድኩ። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የቃሉን ዓምድ ብቻ ነበር የወሰድኩት፤ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ እጅ ጽሑፍ የሰፈረውን አስተያየት ትርፍ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት በተጻፈ አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ተኝቷል። ውሃው አይሄድም፤ ከፊት ተሰብሯል። ቶሎ።» «ቶሎ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የከተማው ውሃ ክፍል ሰዎች በማግስቱ ከፀጉር ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሽቅብ፣ ውሃው ወደሚመጣበት በኩል ወጥተው ቆፈሩ። አስፋልቱ ሲነሣ ከሥሩ አፈር አልነበረም። አንድ ሳሎን የሚያህል ባዶ ቦታ፣ ግድግዳው ለስልሶ፣ ወለሉ ጥርት ባለ ውሃ ተሞልቶ ጠበቀን። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ውስጥ ሰማይ ነበር፤ አንዲት ነጭ ደመና ቀስ ብላ በአንድ ጎን ገብታ በሌላው ወጣች። ያን ያህል ውብ ነገር ባየሁበት ቅጽበት ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ በዚያ ቀጭን አስፋልት ላይ በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች የሞሉበት አውቶቡስ ያልፍ ነበርና። ከሠራተኞቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ «ሌላ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ይውጠው ነበር» አለ፤ ስለ ምሳ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ። ለሦስት ቀን ያን ክፍል በሕልሜ አየሁት። በሕልሜ ወንበርና ጠረጴዛ ነበረው፣ እኔም እዚያ ተቀምጬ ሪፖርት እጽፍ ነበር።

አለቃዬን ሳነጋግራት በሩን ዘጋች።

«በሁለተኛው ምዕራፍ እናርመዋለን» አለች። «ማንም የጠየቀን የለም።»

«ያልተጠየቅነው ስላላወቁ ነው።»

«ታዲያ ሲያውቁ እንናገራለን!»

«ሠላሳ ሰባት ቦታ አለ። በየአንዳንዱ ላይ ሰው ይራመዳል።»

«እሱን ለውሃ ክፍሉ አሁኑኑ ስጪ፣ ማን ከለከለሽ? እኔ የምለው ስለ ሪፖርቱ ነው። አንቺ መጽሐፍሽን አንብበሽ ከእውነት ጋር ትተኛለሽ። እኔ ግን ነገ ይህን በር የምከፍተው በየትኛው ቁልፍ ነው?»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስሜ ብቻ ይጻፍ።»

«ስምሽ ብቻ! ስምሽን ማን ያውቀዋል?»

ጸጥታው ከጥግ፣ «እኔ ያን ቀን ስለ እንቅልፍ የተናገርኩት ስለ ራሴ ብቻ መሆኑ በመዝገብ ይያዝልኝ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ብርድ ልብሶቹ ይወዛወዙ ነበር። አለቃዬ ጃኬቷን አነሣች። «ነይ» አለች። «በእግራችን እንሂድ። ሐሳቤን እንዳልቀይር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ተራመጂ።»

የፈንዱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ጫማ አያሰማም፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሰው እየተራመደ የቆመ ይመስለዋል። የእኛን ጉዳይ የያዘችው ገምጋሚ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰማችን። ሳትቆጣ ሰማችን፤ ያም ይበልጥ ከበደኝ።

«ስህተቱን ማን አገኘው?» አለች።

«እኔ።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

መነጽሯን አድርጋ አየችኝ። «ተቀመጪ» አለች፤ ከመሳቢያዋም የእርማት ቅጽ አወጣች። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ የተባለው፣ ሊባል የሚገባው፣ ምክንያት። እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ሞላሁት። ሠላሳ ሰባቱ ሲወጡ ከመቶ ዘጠና አራት የነበረው ወደ ሰባ ሦስት ወረደ። ሁለተኛው ምዕራፍ በዚህ ዙር ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። እኛ ቃላቱን እንደገና አጣርተን፣ መሣሪያውንም እንደገና አስተምረን በስድስት ወር ውስጥ ማመልከት እንችላለን። እስከዚያ አለቃዬ ራዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች፣ ጸጥታው የመስኮት ብረት ይበይዳል፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ጽሑፍ አርማለሁ። ሠላሳ ሰባቱን ቦታዎች የውሃ ክፍሉ አንድ በአንድ እየቆፈረ ነው፤ እስካሁን ከተከፈቱት ዐሥራ አንድ ቦታዎች ዘጠኙ እርስዎ እንዳሉት ሆነው ተገኝተዋል።

አለቃዬ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ባዶ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ፣ «መዝገበ ቃላት፣ የቃላት መፍቻ ጻፊ። የአባትሽን ቃላት ሁሉ። ቃል በቃል፣ ከእነ ኅዳጉ» አለችኝ። ስሜን አልመለስኩም።

አባባ፣ አንደኛው እርማት ይህ ነው። ከፈንዱ ቢሮ ስወጣ ገምጋሚዋን አንድ ትርፍ ቅጽ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። «ሌላም ስህተት አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኳት።

አምስት እሑዶች ደውለዋል። አምስት እሑዶች «እናትሽስ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ እኔም «ተኝታለች» ብዬ መልሻለሁ። በአምስቱም ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነበር። ውሸት ተናግሬ እንደማላውቅ ያውቃሉ፤ በዚህም እኮራ ነበር። አሁን ግን አንድን እውነተኛ ቃል ሰው በተሳሳተው ሳጥን ውስጥ እንዲያስገባው አድርጎ መስጠት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ከአስፋልቱ በታች ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ ቅጹን ሞልቻለሁ፦

የተባለው፦ ተኝታለች።
ሊባል የሚገባው፦ ሆስፒታል ተኝታለች።
ምክንያት፦ እንዳልናገር ለምናኝ ነበር፤ እኔም መናገር ፈርቼ ነበር።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ተቀመጠች። ሊፍት በሌለበት ፎቅ ቤት ያከራየንን ሰው ስትራገም ቆይታ ራሷን ሳተች። የልቧ አንዱ በር በደንብ አይዘጋም፤ ወደ ፊት መሄድ የሚገባው ደም ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለእርስዎ ይህን በምሳሌ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እኔም ምሳሌ አልሠራም። የሚቀጥለው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ሐኪሙ «ብዙ ጊዜ ይሳካል» አለኝ። ብዙ ጊዜ ማለት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ቁጥር ነገረኝ። ቁጥሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከፀጉር አስተካካዩ ወዲህ ጥሩ ቁጥር ሲነገረኝ ስለ ቀሪው ማሰብ አመል ሆኖብኛል።

እማዬ ያስጨነቃት እርስዎ ነዎት። «ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲያዳምጥ አንድ ሰው ‹ጎሽ› አላለውም» አለችኝ። «አሁን ገና በአውሮፕላን የሚያመላልስ፣ ሲናገር የሚጽፍለት ድርጅት አገኘ። ውሉ ሊያልቅ ሰባት ወር ነው የቀረው። ከሰማ ጥሎት ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። እንዳይሰማ!» እኔም እሺ አልኩ። ሰው ሁሉ የሰማው ነገር ከእርስዎ ጆሮ እንዳይደርስ መጠበቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር መገመት ይችላሉ።

ባለፈው ሰኞ «ጆሮውን» ይዤላት ሄድኩ። ክፍሏ ሁለት አልጋ አለው፤ መጋረጃው ሐመር አረንጓዴ ስለሆነ ቀን ቀን ሁሉም ነገር በቅጠል ውስጥ ያለ ይመስላል። ከራስጌዋ በግድግዳው ውስጥ የውሃ ቧንቧ ያልፋል። ብረቱን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ዓይኗን ጨፈነች። ልክ እንደ እርስዎ፣ አገጯን ትንሽ ከፍ አድርጋ። ለረጅም ጊዜ ቆየች፤ ጎረቤቷ ታማሚ እንኳ ሳሏን ውጣ ጠበቀቻት። ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ይኼን ነው እንዴ ሃያ ስምንት ዓመት ከእኔ አብልጦ ያዳመጠው?» አለች።

ጎረቤቷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እማዬ ግን ማዳመጫውን አላወለቀችም። «ያንጎራጉራል» አለች ቆይታ፣ በእርስዎ ቃል። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። «ደስ ይላል። ለምን አላሰማኝም?»

እጇን ያዝኩ። እጇ ቀልሏል፤ ቀለበቷ እንዳይወልቅ ክር ጠምጥማበታለች። «እማዬ፣ እጽፍለታለሁ» አልኳት። የዎርክሾፑን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ አለቃዬን፣ አውቶቡሱን፣ ሦስቱን ዓምዶች።

«ለአንድ ቃል ብለሽ ያን ሁሉ ልፋት አፈረስሽ?» አለች።

«አዎ።»

«የአባትሽ ልጅ።» ስድብ ይሁን ምርቃት ከድምፅዋ አልለየሁም። የቀለበቷን ክር እያጠበቀች፣ «እንግዲህ ከጻፍሽ አይቀር በሚነበብ ፊደል ጻፊ» አለች። ከዚያም አንድ ግዴታ አስገባችኝ። ግዴታውን ብጽፈው መጣሴ ስለሆነ አልጽፈውም። እስካሁን በጻፍኳቸው ገጾች ውስጥ ጠብቄዋለሁ፤ በቀሩት ጥቂት መስመሮችም እጠብቀዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ገና ያልተፈቱ ዐሥራ አራት ቃላት ዝርዝር አለ፤ ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ትቻለሁ። «ያዛጋል» ማለት ምን ማለት ነው? «ቂም ይዟል» ያሉት፣ በአሮጌው ድልድይ አጠገብ ያለው ቧንቧስ? ዝርዝሩ በደብዳቤም ሆነ በስልክ ሊሞላ ይችላል። ስለ ዝርዝሩ ከዚህ በላይ ምንም አልናገርም።

አሁን ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ጨርሷል፤ ወለሉ ጸጥ ብሏል። አለቃዬ የሰው ራዲዮ ፈታትታ ብሎኖቹን በመጠናቸው እየደረደረች ነው። ጸጥታው ስለ አንድ ጎረምሳ አጎቱ የጀመረው ወሬ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል። ፀሐይዋ ከብርድ ልብሶቹ ላይ እየተንሸራተተች ነው። ወደ ድርጅታችሁ ቢሮ ከመሄዴ በፊት በሆስፒታሉ በኩል አልፋለሁ፤ እማዬ ፖስታው ሳይታሸግ ላንብበው ብላለች። ስለ ፊደሌ የሚሰነዘረውን አስተያየት ከወዲሁ እየሰማሁት ነው።

በደሌን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። አምስት እሑድ ሙሉ ከጠየቁኝ ነገር በታች ያለውን አላሰማሁዎትም። ፈጣሪ ጆሮዎን ይጠብቅልን፤ የሚረግጡት መሬት ሁሉ ሥሩ የሞላ ይሁን፤ ያሉበት በረሃ ለእርስዎ ብቻ ጥላ ያውጣ።

አክባሪና ናፋቂ ልጅዎ

እኔ ነኝ። ነርሷ እርሳስ ነው ያላት፣ ደብዛዛ ከሆነ መነጽርህን አድርግ። ልጅህ ሁሉንም በትክክል ጽፋዋለች፤ ፊደሏም ምንም አይልም። የቀራት አንድ ቃል ነው፤ እሱንም እንዳትጽፍ ያስማልኳት እኔ ነኝ።

ና።